የአቶ መዝገቡ ቁጥር

ረቂቅ፤ ያልተላከ
ኮልፌ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሀዊ፣

አባትሽ አርፈዋል። መስከረም ሳይጋመስ ቀበርናቸው። እናትሽ ጉዲቱ በእግሯ ቆማለች፤ ለእሷ አታስቢ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩ። መርዶ በወረቀት አይላክም። ሰው መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል፣ ዘመድና ጎረቤት ደጁ ላይ ተሰብስቦ፣ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ከጎኑ ሆኖ ነው። አንቺ ደግሞ ስድስተኛ ወርሽን ይዘሻል። ከቀብር እንደተመለስን እናትሽ እጄን ይዛ «እትዬ ሰብሌ፣ ሳትወልድ እንዳትሰማ። ይማሉልኝ» አለችኝ። ማልኩላት። ወልደሽ ስትነሺ፣ መንገዱም ለሰው ማመላለሻ ሲከፈት፣ እናትሽና እኔ ሽማግሌ ይዘን መጥተን እንነግርሻለን።

እስከዚያ ዝም ካልን ትጠረጥሪያለሽ። ስለዚህ የምጽፍልሽ ጉዳይ ፈለግሁ። ጉዳዩም የፈጠራ አይደለም፤ አባትሽ ካረፉ ወዲህ በእድራችን ለቅሶ የሚጠራ ሰው የለም፣ ጉባኤውም ስልክ እንዲገዛ ወስኗል። በልጅነቴ በተማርኩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ረቂቅ ያልተጻፈለት ደብዳቤ አይላክም ነበር። ይህ ረቂቁ ነው። አሁን የሚላከውን እጽፋለሁ።


የተላከ
ኮልፌ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽ ልጄ ለሀዊ መዝገቡ፣

ይህ ወረቀት ከባለቤትሽ ከሮቤራ ጋር በጤና ያግኝሽ። እናትሽ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ወጥታ ትገባለች። እኔም ከዓይኔ በቀር የከዳኝ የለም። ሰፈሩ እንደምታውቂው ነው፤ ታክሲው ይጮሃል፣ መንገዱ ይቆፈራል፣ ይደፈናል፣ እንደገና ይቆፈራል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የእድራችን ጉባኤ ለሥራ የሚሆን ሁለት ስልክና አንድ ታብሌት እንዲገዛ ወስኗል። አባላት በዝተዋል፤ ብዙዎቹም ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሰፈር ለቀዋል፤ ለቅሶ ሲወጣ እንደ ድሮው ደጅ ለደጅ ዞሮ መጥራት አይሆንም። አንዱ ስልክ ለቅሶ ለሚጠራው፣ አንዱ ድንኳንና ወንበር ለሚያስረክበው፣ ታብሌቱ ለእኔ ለጸሐፊዋ ነው። ምርጫው በእኔ ላይ ወደቀ። ሒሳብ ሹም ያደረግነውን ወጣት፣ ቀዳማዊን፣ ታውቂዋለሽ። «እትዬ፣ ካሜራው አንደኛ የሆነውን እንግዛ» ይለኛል። «ድንኳን የሚተክል ሰው በካሜራ ምን ያደርጋል?» ብለው «ዘመኑ ነው» አለኝ። የእድሩን ገንዘብ ዘመኑ የሚያወጣው ከሆነ ዘመኑ መጥቶ ይፈርም አልኩት።

አንቺ በቡና ማጠቢያው ጣቢያ የገበሬውን ቡና በታብሌት እንደምትመዘግቢ ነግረሽን ነበር። ጭቃና ፀሐይ የሚችለው የትኛው ነው? ያገለገለ መግዛት ያዋጣል ወይስ ያከስራል? በዝርዝር ጻፊልኝ። ወረቀቱን ባምላኩ ያደርስልሻል፤ ቡና ሊጭን በአይሱዙው ወደ እናንተ ይወጣል።

ሰብሌ ወልደጊዮርጊስ


ጨፌ ሐሮ ጣቢያ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ሰብሌ፣

ጉልበትዎን ስሜ ልጀምር። ደብዳቤዎን ሮቤራ ጮክ ብሎ አነበበልን። «ዘመኑ መጥቶ ይፈርም» የሚለው ላይ ሲደርስ የጣቢያው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አሁን የጎደለ ነገር በተገኘ ቁጥር «ዘመኑ ይፈርም» ይባባላሉ።

እንግዲህ የማውቀውን ልንገርዎት። ካሜራውን ይተዉት። መጀመሪያ የሚጠይቁት ባትሪውን ነው፤ ለቅሶ መብራት የጠፋ ቀን አይወጣም የሚል ሕግ የለም። ዕቃ አስረካቢው ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃዋል። ቢወድቅ አይሰበርም፣ ሌባም አይመኘውም። ለቅሶ ለሚጠራው መካከለኛ ዋጋ ያለው፣ ሁለት ሲም የሚወስድ፣ ድምፁ የሚጮህ ይሁን። ሱቅ ውስጥ የሚነግሩዎትን አይመኑ። ወደ ደጅ ይዘውት ይውጡና ስክሪኑ በፀሐይ ይነበብ እንደሆነ ይዩ፤ ከዚያ ሲምዎን ያስገቡና እዚያው አጠና ተራ፣ መኪናው እየጮኸ፣ ይደውሉ። እዚያ ከተሰማ የትም ይሰማል።

ያገለገለ ታብሌት ያዋጣል። ግን ሻጩ የቀድሞውን ባለቤት አካውንት ፊትዎ ላይ ሳያጠፋ ገንዘብ እንዳይሰጡ። እኛ ጋ አንዱ ተገዝቶ ሲመጣ የማናውቃት ሴትዮ ስም እየጻፈ ይለፍ ቃሏን ይጠይቀናል። ማን እንደሆነች፣ በሕይወት ትኑር አትኑር አናውቅም። አሁን የበር መያዣ ሆኗል። ደግሞ ሦስቱም ዕቃዎች በአንድ ዓይነት ቻርጀር የሚሠሩ ይሁኑ፤ ይህን የናቀ ሰው ዓመቱን ሙሉ ቻርጀር ሲፈልግ ይኖራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክሬ ምንም አያስወጣችሁም። አዲስ ቁጥር እንዳታወጡ። የአባዬን ቁጥር የማያውቅ የእድር አባል የለም። የእሱን ሲም አውጡና አዲሱ ስልክ ውስጥ ክተቱት። ይቆጣል፤ አሮጌ ስልኩን እንደ ልጅ ነው የሚያየው። «ሀዊ ናት ያለችው» በሉት።

ለመሆኑ አባዬ ለምን አንድ መስመር አልጻፈልኝም? እዚህ የኔትወርኩ ማማ ከወደቀ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። እጁን እያመመው ነው? ባምላኩን ልጠይቀው ብል ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ደብዳቤውን በመስኮት ሰጥቶኝ ሄደ። ምን አደረግኩት?

ልጅዎ ሀዊ


የተላከ
ኮልፌ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሀዊ፣

ምክርሽን ፊደል ሳላጓድል ፈጸምኩ። አጠና ተራ ሦስት ሱቅ ገብቼ፣ በሦስቱም ስልኩን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ። የመጀመሪያው ሻጭ ሮጦ ተከተለኝ። «ማዘር! ማዘር! ስልኩን ይዘው ወዴት ነው?»

«ወደ ፀሐይ።»

«ውስጥም ብርሃን አለ እኮ!»

«ያንተ ብርሃን ነው። እኔ የምፈልገው የሁሉንም ነው።»

ሦስተኛው ሻጭ ወንበር ደጅ ድረስ አወጣልኝ፤ ከእሱ ገዛሁ። ስልኩ ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው፣ ድምፁ ሚኒባሱን ያሸንፋል። ታብሌቱ ያገለገለ ነው፤ አካውንቱን ፊቴ ላይ አስጠፋሁት፣ ቆጥሬም ገንዘቡን የሰጠሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቀዳማዊ አኩርፏል። ቻርጀሩ አንድ ዓይነት ነው።

የአባትሽን ሲም እንዳልሽው አዲሱ ስልክ ውስጥ ከተነዋል። አልተቆጡም። ስለ እጃቸው ለጠየቅሽው፣ አሁን ምንም አያማቸውም።

ባምላኩን አትውቀሺው፤ ጭነት ስለሚበዛበት ነው።

ወገብሽን አሞቂ፣ ከባድ ነገር አታንሺ። ሮቤራ ውሃውን ይቅዳ፤ ወንድ ውሃ ቢቀዳ የሚታዘበው የለም፣ ቢታዘበውም ምንም አይሆንም።

ሰብሌ


ረቂቅ፤ ያልተላከ
ኮልፌ፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀዊ፣

«አሁን ምንም አያማቸውም» ብዬ ጻፍኩልሽ። ውሸት አይደለም። ውሸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ጠሪ እስኪመረጥ ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው ለቅሶ ወጣ፤ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ። ሊነጋጋ ሲል ተነስቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ከላይ ጀምሬ ደወልኩ። አላሰብኩትም ነበር። አባሉ ሁሉ ቁጥሩን በአባትሽ ስም ጽፎታል። ደወልኩ ማለት መዝገቡ ደወሉ ማለት ነው።

ምህረት፣ ከእናንተ ቤት ፊት ለፊት ያለችው፣ «መዝገቡ እድር» የሚል ስታይ ስልኩን ባልዲ ውስጥ ለቀቀችው። እርጥቡን ስልክ በነጠላዋ ጠቅልላ መጥታ «እትዬ፣ እዚያም ሆኖ ይጠራል እንዴ?» አለችኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ አንስቶ፣ እኔ ገና ሳልተነፍስ፣ «መዝገቡ፣ ተራዬ ደረሰ?» አለኝ። «የለም አባቴ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ናቸው» አልኩት። «ተመስገን» አለ። ወዲያው አፈረና «ነፍስ ይማር» አለ። ብዙዎቹ ግን አላነሱም። በቀብሩ ላይ የተገኘው ሰው ጥቂት ነበር።

ቀዳማዊ «ቁጥሩን እንቀይር እትዬ፣ ሕዝቡ እየተሸበረ ነው» አለኝ። «ለሁሉ አዲስ ቁጥር እስክናስለምድ የስንቱ ቀብር ባዶ ይሆናል?» ብዬ ዝም አሰኘሁት። መልሴ ትክክል ነው። ቢሆንም አሁን ስልኩን ሳነሳ ከእኔ ቀድሞ የያዘው ሰው ያለ ይመስለኛል።

እናትሽ ደግሞ አመሻሽ ላይ ትደውላለች። አባትሽ ሲሙ ላይ እንደጻፉት «ጉዲቱ ቤቴ» ብሎ ይወጣል። በመጀመሪያው ቀን አነሳሁት። ድምፅ የለም። «ጉዲቱ፣ ምን ሆነሻል?» ብላት «አያንሱት እትዬ» አለችኝ። «ሲጠራ ብቻ ልስማው።» ከዚያ ወዲህ አላነሳውም። ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ይጠራል፤ እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ይቆማል።

ይህን ሁሉ ልልክልሽ አልችልም። የምልክልሽ ታብሌቱ በአማርኛ እንደሚጽፍ ብቻ ነው።


ጨፌ ሐሮ ጣቢያ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ሰብሌ፣

የምሥራች! ዛሬ እሑድ ሮቤራ ከጣቢያው በላይ ያለው ኮረብታ ላይ አንዳንዴ ኔትወርክ ይመጣል ሲባል ሰምቶ፣ በበቅሎ ቀስ እያልን ወጣን። ስልኬን ወደ ላይ ዘርግቼ ቆምኩ። ሆዴን ይዤ፣ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ፣ ላየኝ ሰው ስለት ያለባት ነው የመሰልኩት። ከዚያ አንድ መልእክት ገባ። ከአባዬ!

«ለእድራችን አባላት በሙሉ፤ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስብሰባ ስላለ እንድትገኙ። ያልተገኘ ይቀጣል።»

ሳቅኩ፣ አለቀስኩም። እኔንም ሊቀጣኝ ነው! ለሁሉም ሲልክ እኔን ከመሐል ማውጣት ረስቶ ነው፤ እሰይ እንኳን ረሳ። ልደውል ስል መስመሩ ሄደ። ሮቤራ «ማክሰኞ እንመለሳለን» ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ እስከዚያ አልዘጋውም። አባዬ ምን እንዳለኝ ጨምሬበት እልክልዎታለሁ፤ ለእናቴ ያነቡላታል።

ማክሰኞ።

ደወልኩ። ስልኩ ይሠራል። ሦስት ጊዜ እስከ መጨረሻው ጠርቷል። ጥሩ ዕቃ ነው የገዙት።

እናቴን ይጠብቁልኝ።

ሀዊ


ረቂቅ፤ ያልተላከ
ኮልፌ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀዊ፣

ስምሽን አይቻለሁ። «ሀዊ ልጄ» ይላል። ቀዳማዊ መልእክቱን ሲሙ ላይ ላለው ስም ሁሉ ሲልክ ያንቺ እዚያ ውስጥ እንዳለ እኔ ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም። ስትደውዪ ቁጭ ብዬ አየሁት። ባነሳው «አባዬ!» ልትዪኝ ነው። ከዚያ ምን ልበልሽ? ተኝተዋል ልበልሽ? ወጥተዋል? ወይስ ኮረብታ ላይ፣ በስምንት ወርሽ፣ በቅሎ አጠገብ ቆመሽ፣ በስልክ ልንገርሽ?

ሁለተኛ ጠራ። እናትሽ አጠገቤ ነበረች። «ማነው?» አለችኝ። ስክሪኑን በእጄ ሸፈንኩት። ሦስተኛ ጠራ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ «ጥሩ ዕቃ ነው የገዙት» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። ለእናትሽ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አነበብኩላት። እሷ ግን ፊቴን አየችና ሻንጣ ማውረድ ጀመረች። «ካወቀች ብቻዋን ነው ያወቀችው» አለች። «መንገዱ ቢዘጋም እሄዳለሁ።»


የተላከ
ኮልፌ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሀዊ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እናትሽና እኔ ልናይሽ እንነሳለን። ባምላኩ በሚቀጥለው ጉዞው ጋቢና ውስጥ ቦታ እንዲለቅልን ለምነነዋል፤ መንገዱ አያስተማምንም ብሎ እምቢ ቢልም እናትሽ አልሰማችውም። ጠብቂን። ኮረብታ ደግመሽ አትውጪ።

ሰብሌ


ጨፌ ሐሮ ጣቢያ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ሰብሌ፣

ይህን ደብዳቤ ባምላኩ ሳያድር ያደርስልዎታል። አትምጡ። እናቴን በዚያ ጉልበቷ፣ በዚያ መንገድ፣ በጭነት መኪና እንዳያመጧት። የምትመጡበት ነገር እዚህ ተፈጽሟል።

አባዬ ያንን ስልክ ሳያነሳ ቀርቶ አያውቅም። ቅዳሴ ላይ ሆኖ ወጥቶ ያነሳ ነበር። ሲታመም እንኳ «ሰው ሞቶ ቢሆንስ?» እያለ ያነሳ ነበር። ሦስተኛው ጥሪ ሲያበቃ ሮቤራ «እንሂድ» አለኝ፤ ምንም አልጠየቀኝም።

ከዚያ በኋላ ግን ግራ ገባኝ። አውቃለሁ፤ ግን አልተነገረኝም። እንጀራ በላሁ፣ ሥራ ገባሁ፣ የገበሬውን ቡና መዘገብኩ። ማልቀስ ፈለግሁ፤ በምን ላይ ላልቅስ? ማንም መርዶ ያልነገረው ሰው ተነስቶ ቢያለቅስ ሟርት ነው የሚባለው። ከዚያ ከጣቢያው ሽማግሌ ከአቶ ጉዲሳ ዘንድ ሄድኩ።

«አባባ፣ መርዶ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ዱላቸውን አስደግፈው አዩኝ። «የማንን?»

«የአባቴን።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲያ እኛ ያላየነውን፣ ያልሰማነውን፣ ምን ብለን እንነግርሻለን? ሐሰት ቢሆንስ?»

«ሐሰት ከሆነ አባቴ ሰምቶ ይስቅብኛል። እውነት ከሆነ ግን እናቴ ልትነግረኝ በዚህ መንገድ ልትመጣ ነው።»

ከዚያ ሙሉ ስሙን ጠየቁኝ፤ እስከ አያቱ ነገርኳቸው።

ትናንት ሊነጋጋ ሲል መጡ። አቶ ጉዲሳ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ቡና ለቃሚዎቹ ሁሉ ነበሩ። በሩ ሲንኳኳ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነው ያደርኩት፤ ሆኖም እንደማያውቅ ሰው «ማነው?» አልኩ። የጥበቃው ሚስት ገብታ ከኋላዬ ተቀመጠችና ወገቤን ያዘችኝ። አቶ ጉዲሳ ስሙን ሙሉውን፣ እስከ አያቱ ጠርተው ነገሩኝ። እትዬ፣ ራሴ የሰጠኋቸውን ስም ነው መልሰው የነገሩኝ፤ ግን ከዚያ በፊት እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም። ጮህኩ። ያዙኝ። ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ ደህና ነው፤ አዋላጇ እዚያው ነበረች፣ እንድትመጣ ነግሬያት ነበር። አሁንም ቤቱ ሙሉ ነው፤ ይህን የምጽፈው ሰው መሐል ተቀምጬ ነው።

አልተቀየምኳችሁም። እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን አላነሳውም ነበር።

ቁጥሩን አትቀይሩት፤ የእድሩ ነው። ግን የሚደውለው ሰው ከሁሉ በፊት የራሱን ስም ይናገር። «እኔ ሰብሌ ነኝ» ይበሉ፣ ከዚያ ለቅሶውን ይናገሩ። ሰው እንዲያ አይደነግጥም።

እንዴት እንደሞተ ግን ይጻፉልኝ። አሁን ተነግሮኛልና መጻፍ ይችላሉ።

ሀዊ


ኮልፌ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሀዊ፣

ፈጣሪ ያጽናሽ። ይህን ቃል ልጽፍልሽ ወራት ጠብቄያለሁ።

ደብዳቤሽን ለእናትሽ ሳላጓድል አነበብኩላት። ስለ አቶ ጉዲሳ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ሻንጣውን መልሳ ሰቀለች፤ «ሰው አላት» አለች። ስትወልጂና መንገዱ ሲሻል ትመጣለች፤ አሁን ግን ቁጭ ብላለች።

ስልኩን እንዳልሽው እያደረግን ነው። ባለፈው ለቅሶ «እኔ ሰብሌ ነኝ» እያልኩ ጠራሁ። ምህረት «እንዳውቅዎት ብለው ነው እንዴ፣ አውቄዎታለሁ» አለችኝ። መጣች ግን። ሌሎቹም መጡ።

አሁን የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አባትሽ የታች ሰፈር ለቅሶ ጠርተው ጨርሰው፣ ደጃፋችሁ ላይ ባለችው ድንጋይ ተቀመጡ። እናትሽ ውሃ ልታመጣ ገባች። ስትመለስ ጎንበስ ብለው አገኘቻቸው። ምህረትና እኔ ደግፈን ታክሲ ውስጥ አስገባናቸው፤ ሐኪም ቤት ሳንደርስ አረፉ። አልተሰቃዩም አልልሽም፤ አላውቅም። አጭር ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። አንድ ቃል አልተናገሩም። የእሳቸውን ለቅሶ የጠራ አልነበረም፤ ሰው በራሱ ሰምቶ መጣ፣ ድንኳኑ አልበቃም።

አንድ ነገር ቀርቷል። ሲሙን ላወጣ አሮጌውን ስልካቸውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እሳቸው የደወሉላቸው ሰዎች ስም ተደርድሮ ወጣ። ያንቺ ነው። ወደ ታች ገፋሁት፤ ያንቺ ነው። እንደገና ገፋሁት፤ በመሐል አንድ ሁለት የእድር ሰው አለ፣ ከዚያ ያንቺ ነው። ማማው ከወደቀ ጀምሮ በየቀኑ ሲደውሉልሽ ኖረዋል። አንዱም አልገባም።

እኛ ግን ደብዳቤሽ እስኪደርስ ይህን አናውቅም ነበር። በየእሑዱ ከቅዳሴ ተመልሰው ለእናትሽ «ዛሬ አገኘኋት» ይሏት ነበር። «ድምፅዋ ጥርት ብሏል። ልጁ ይራገጣል ብላኛለች። ሮቤራ ውሃ መቅዳት ጀምሯል ብላ ሳቀች።» እኔም ባለሁበት ብለዋታል፣ ሰምቻለሁ። እናትሽ አንቺ ያልሽውን ሁሉ በቃሏ ይዛዋለች፤ ለጎረቤት ታወራዋለች፣ ማታ ማታም ለብቻዋ ትደግመዋለች።

አልነገርኳትም፤ «ድምፁን አልሰማሁም» ያልሽበትንም መስመር አላነበብኩላትም። ልትነግሪያትም አይገባም ብዬ አስባለሁ። ስትገናኙ ታነሳብሻለች፤ «አባትሽን እንዲህ ብለሽው ነበር» ትልሻለች።

አዎ በያት።

ሰብሌ